ስለ ድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ግድብ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት

ማናቸውም የንግድ ዕቃ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ከሚዛን ወጥቶ፥ ዋጋ ተቆርጦለት፥ ደረሰኝ ተጽፎለት ለገዢው የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ወገን ዕቃው ሲዘጋጅ ከኋላ የሚቀረው ነው፤ ለዚህኛው ሚዛንም ደረሰኝም የለውም። በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ነጋዴ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ውስጥ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት ነው። ሩዙ በጆንያ ሆኖ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደርና ወደ ወልዲያ ሲጫን፥ ቅርፊቱ በመፈልፈያው ጓሮ ተከምሮ ይቀራል። ቦታ ይይዛል፥ ነፋስ ይበትነዋል፥ እሳት እንዳይነሣበትም ያሰጋል። ስለዚህ የቅርፊቱን ማስወገጃ ወጪ በመዝገቡ ያላስገባ ባለመፈልፈያ ትርፉን በትክክል አስልቷል ለማለት አይቻልም።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጉዳይ በባሕርዩ ይኸው ሆኖ በመጠኑ ግን እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ይኸውም የድንጋይ ከሰል ሲታጠብ የሚወጣውን ጥቁር ዝቃጭ ለማጠራቀም የሚሠራው ታላቅ ግድብ ነው። ለጽሑፉ መነሻ የሆነው፥ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጸሐፊነት ለሚያገለግልበት የንግድ ቤት በከሰል ማጠቢያ ሥራ ላይ አክሲዮን እንዲገዛ የሚጋብዝ ደብዳቤ መድረሱ ነው። ደብዳቤው ስለ ከሰሉ ዋጋ፥ ስለ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ፍላጎትና ስለሚጠበቀው ትርፍ በሰፊው ይናገራል፤ ስለ ጥቁሩ ውሃ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም። እንዲህ ያለ ግብዣ ለሌሎችም የምክር ቤታችን አባላት መድረሱ የማይቀር ስለሆነ፥ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን በአጭሩ ማቅረብ ጠቃሚ መስሎ ታየን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ከሰሉ ለምን ይታጠባል?

ከመሬት የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ንጹሕ አይደለም። ከከሰሉ ጋራ ድንጋይ፥ ሸክላ አፈርና ሌላም የማይነድ ነገር ተቀላቅሎ ይወጣል። ገዢው የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ አመድ የሚሆነውን ድንጋይ በገንዘቡ ገዝቶ፥ የጭነት ኪራይ ከፍሎ ወደ ምድጃው ሊያስገባ አይወድም። ስለዚህ ከሰሉ ተሰባብሮ በውሃ ይታጠባል። ከሰል ከድንጋይ የቀለለ በመሆኑ ክብደቱ በተስተካከለ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ከሰሉ ይንሳፈፋል፥ ድንጋዩ ይዘቅጣል። እህል በውሃ ሲታጠብ እብቁ ተንሳፍፎ ጠጠሩ ከታች እንደሚቀር ማለት ነው፤ ልዩነቱ በእህል የሚጣለው ተንሳፋፊው ሲሆን በከሰል ግን ተንሳፋፊው የሚሸጠው መሆኑ ነው።

ከእጥበቱ በኋላ ሦስት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው ለገበያ የሚቀርበው የታጠበ ከሰል ነው። ሁለተኛው ሻካራው የድንጋይ ጥራጊ ነው። ሦስተኛው የላመ የከሰል ብናኝ፥ ሸክላና ውሃ የተቀላቀለበት ጥቁር ዝቃጭ ነው። ሻካራው ጥራጊ በመኪና ተጭኖ ሊከመር ይችላል። ዝቃጩ ግን አይከመርም፤ ይፈሳልና። የሸክላው ቅንጣት እጅግ የደቀቀ በመሆኑም ዘቅጦ እስኪጠጥር ብዙ ዓመት ይፈጃል። በዚህ ምክንያት ባለማዕድኑ አንድ ሸለቆ ይመርጥና አፉን ይዘጋል፤ ዝቃጩንም በቧንቧ ወደዚያ ያፈስሳል። የከሰል ዝቃጭ ግድብ የሚባለው ይህ ነው።

2ኛ፤ የውሃ ግድብና የዝቃጭ ግድብ ልዩነት

የፎገራ ሰው ግድብ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከጉና ተራራ የሚነሣው የርብ ወንዝ ወደ ሜዳው ከመድረሱ በፊት የተገደበበት የርብ ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሲሆን፥ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ይህን በአእምሯችን ይዘን ሁለቱን ዓይነት ግድቦች ብናነጻጽር አራት ልዩነት እናገኛለን።

አንደኛ፥ የውሃ ግድብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል፤ መሐንዲሱም የመጨረሻውን ቁመት አይቶ ያስረክባል። የዝቃጭ ግድብ ግን ማዕድኑ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ከፍ እየተደረገ ይሠራል። የጀመረው መሐንዲስ ሲጨርሰው ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፥ የውሃ ግድብ የሚሠራው ተመርጦ ከመጣ አፈርና ድንጋይ ነው። የዝቃጭ ግድብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከዚያው ከማዕድኑ ጥራጊ ነው፤ ምክንያቱም ጥራጊው በነፃ የሚገኝ፥ ቦታ የሚያስለቅቅም በመሆኑ ነው። ግድቡን ከፍ ለማድረግ ሲፈለግ ደግሞ እጅግ ርካሹ መንገድ አዲሱን ግንብ ከኋላ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ ማቆም ነው። የፎገራን መረሬ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት አይቸገርም። በበጋ የጭነት መኪና የሚሸከመው መሬት በክረምት ውሃ ሲጠግብ በሬ እንኳ አያስረግጥም። ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ውሃ ያቆረ ዝቃጭም በላዩ የቆመውን ግንብ ለዓመታት ተሸክሞ ይቆይና፥ አንድ ቀን ውሃ ሲበዛበት ወይም ሲናወጥ በድንገት እንደ ፈሳሽ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ የውሃ ግድብ ቢሰበር ውሃው ጥፋት አድርሶ ያልፋል። ዝቃጭ ግን ከውሃ የከበደና የወፈረ ስለሆነ የነካውን ይጠርጋል፤ ካለፈም በኋላ በእርሻው፥ በጉድጓዱና በወንዙ ወለል ላይ ይቀራል።

አራተኛና ለነጋዴ ዋና የሆነው ልዩነት፥ የውሃ ግድብ ገቢ ያስገኛል፤ በመስኖው ወይም በኤሌክትሪኩ ራሱን ይጠብቃል። የዝቃጭ ግድብ ግን አንድ ሳንቲም አያስገባም። ማዕድኑ አልቆ፥ ሠራተኛው ተበትኖ፥ ማኅበሩ ፈርሶ እንኳ ግድቡ ከነሸክሙ በቦታው ይቆያል፤ ዘበኛም ይፈልጋል።

3ኛ፤ በሌሎች አገሮች የደረሰው

ሀ. አበርፋን። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ባለችው በዌልስ፥ አበርፋን በምትባል መንደር በላይ ባለው ኮረብታ የከሰል ጥራጊ ሲከመር ኖረ። ሰባተኛው ክምር የተጀመረው ምንጭ ባለበት ቦታ ላይ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ጧት ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ሳለ ክምሩ ውሃ ጠግቦ ተንሸራተተና መንደሩን መታ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ውስጥ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። የተቋቋመው መርማሪ ሸንጎ የማዕድኑ ባለቤት የነበረውን የብሔራዊ ከሰል ቦርድ ተጠያቂ አደረገ። ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በመንደሩ በላይ የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት ገንዘብ ሲፈለግ፥ ሕዝብ ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። ይህ ገንዘብ የተመለሰው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ወለድም አልተጨመረበትም። ባለማዕድኑ አስቀድሞ ያላስቀመጠውን ወጪ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ከፈሉት ማለት ነው።

ለ. ባፋሎ ክሪክ። በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ አገር፥ ሎጋን በተባለው አውራጃ፥ ባፋሎ ክሪክ በተባለው ጠባብ ሸለቆ ራስ ላይ አንድ የከሰል ኩባንያ ሦስት ግድቦች በተከታታይ ሠርቶ ነበር። ሦስተኛው ግድብ የቆመው ከሁለተኛው ግድብ በስተኋላ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ ነው። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት በቂ ማፍሰሻም አልነበረውም። ለቀናት ዝናብ ከዘነበ በኋላ የካቲት 18 ቀን 1964 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት ከሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግድቡ ተደረመሰ። 132 ሚሊዮን ጋሎን፥ ማለት 500,000 ሜትር ኩብ ያህል ጥቁር ውሃ በሸለቆው ወረደ። 125 ሰዎች ሞቱ፥ ከአንድ ሺህ በላይ ቆሰሉ፥ ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ያለ ቤት ቀሩ።

እዚህ ላይ መጠኑን እናስተውል። 500,000 ሜትር ኩብ ከርብ ግድብ ይዘት ከአራት መቶ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ጥፋትን የሚወስነው የግድቡ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን፥ አሠራሩና በሥሩ የሚኖረው ሰው ብዛት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የኩባንያው ባለቤት የነበረው ፒትስተን ኩባንያ ነገሩን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብሎ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ የእግዚአብሔር ቢሆን ግድቡን በዝቃጭ ላይ ያቆመው ሰው ነው። ከአደጋው የተረፉት በፍርድ ቤት ከሰው በ1966 ዓ.ም. በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። የዌስት ቨርጂኒያ መንግሥት ግን የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ አቅርቦ በ1969 ዓ.ም. በ1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ጉዳዩን ዘጋው። የቀረው ወጪ በግብር ከፋዩ ሕዝብ ላይ ወደቀ።

ሐ. ማርቲን ካውንቲ። በኬንታኪ አገር ጥቅምት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ከአንድ የዝቃጭ ማጠራቀሚያ 306 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ወጣ። በዚህ ጊዜ የተሰበረው የግድቡ ግንብ አልነበረም፤ የተቀደደው ወለሉ ነው። ከማጠራቀሚያው ሥር የተተወ የከሰል ዋሻ ስለነበረ ዝቃጩ ወደ ዋሻው ገብቶ በሌላ በኩል ወደ ወንዞች ፈሰሰ። ሰው አልሞተም፤ ይሁን እንጂ 27,000 ያህል ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ተበላሸ። ስለዚህ ግድብ ሲመረመር ፊቱን ብቻ ማየት እንደማይበቃ፥ ከሥሩ ያለውንም ማወቅ እንደሚያስፈልግ ይህ አደጋ ያስተምረናል።

መ. ብሩማዲንሆ። ይህኛው የብረት ማዕድን ግድብ ቢሆንም አሠራሩ አንድ ስለሆነ ልንጠቅሰው ይገባል። በብራዚል አገር ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ቫሌ የተባለው ኩባንያ ግድብ በድንገት ፈሳሽ ሆኖ ፈረሰና 270 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ጽኑ ነው የሚል የመርማሪ ኩባንያ ወረቀት ተሰጥቶት ገና ግማሽ ዓመት አልሞላውም ነበር። ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. 37.7 ቢሊዮን ሬያል፥ ማለት ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ግድብን እንደማያቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

4ኛ፤ ትልቁ ግድብና የባለቤት መለዋወጥ

በዚያው በዌስት ቨርጂኒያ፥ ራሌይ በተባለው አውራጃ፥ ብራሺ ፎርክ የሚባል የከሰል ዝቃጭ ግድብ አለ። ከ8 ቢሊዮን ጋሎን በላይ ዝቃጭ እንዲይዝ የተፈቀደለት ሲሆን፥ የግንቡም ቁመት ሲፈጸም ከ270 ሜትር እንዲበልጥ የታቀደ ነው። 8 ቢሊዮን ጋሎን 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ፥ የርብ ግድብ ይዘት አንድ ስምንተኛ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በሥሩም ቀድሞ ከሰል የወጣባቸው ዋሻዎች ስላሉ የአካባቢው ሰዎች ለብዙ ዓመት ሥጋታቸውን ሲገልጡ ኖረዋል።

ስለዚህ ግድብ ነጋዴ ሊመለከተው የሚገባው የባለቤቱ ታሪክ ነው። ግድቡ የማሲ ኩባንያ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ማሲ በአልፋ ኩባንያ ተገዛ። አልፋም በ2007 ዓ.ም. የከሰል ዋጋ በወደቀ ጊዜ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ወደ ፍርድ ቤት ገባ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ ግድቡ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የኩባንያ ዕድሜ በገበያ ይወሰናል፤ የዝቃጭ ዕድሜ ግን በገበያ አይወሰንም። አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከንብረቱ ጋራ ይህን ዕድሜ የሌለው ሸክም አብሮ መግዛቱን ማወቅ አለበት።

5ኛ፤ በአፍሪካና በአገራችን

በዛምቢያ ቻምቢሺ በተባለው የመዳብ አገር የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የአንድ ፋብሪካ የዝቃጭ ግድብ ተሰብሮ 50 ሚሊዮን ሊትር ያህል አሲድ ያለበት ፈሳሽ ወደ ካፉዌ ወንዝ ወረደ። ዓሣ አለቀ፥ በወንዙ ዳር ያለው እርሻ ተበላሸ፥ የኪትዌ ከተማም የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ። ቧንቧ የተዘጋበት ከተማ ነጋዴ፥ ሆቴል ቤትም ሆነ ዳቦ ቤት ቢኖረው፥ ከማዕድኑ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ የኪሣራው ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ በጉጂ ምድር በሻኪሶ አጠገብ የሚገኘው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን የታወቀ ምሳሌ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከማዕድኑ የሚወጣው ዝቃጭ ለሰውና ለከብት ጤና ጠንቅ ሆኗል ብሎ አቤቱታ ስላቀረበና ስለተቃወመ፥ የማዕድን ሚኒስቴር በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኩባንያውን ፈቃድ አገደ። ሥራው የቀጠለው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የዝቃጭ ጉዳይ የጎረቤትን ልብ ሲያሻክር ግድብ ሳይሰበርም ንግድ ሊቆም እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስለ ከሰል ስንመጣ፥ አገራችን በያዩ፥ በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ፥ በዳውሮ፥ በእኛም ሰሜን በጭልጋ የድንጋይ ከሰል አላት። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃቸውን በከሰል ማንደድ ከጀመሩ ወዲህ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ለደቡብ አፍሪካ ከሰል ሲወጣ በመቆየቱ፥ የአገር ውስጡን ከሰል አጥቦ ለመተካት በቅርብ ዓመታት ትልቅ ጥረት ተደርጓል። ይህ የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ከሰል ባለበት ግን ሌላም ሀብት አለ። የያዩ ከሰል የሚገኘው የዱር ቡና በሚበቅልበትና በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው ደን አገር ነው። የጭልጋም ከሰል የሚገኝበት የጓንግና የሐውጋ ወንዞች ሸለቆ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጥንት እንስሳት አጥንቶች የተገኙበት ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በፎገራ ሜዳ ላይ የከሰል ዝቃጭ ግድብ የለም። የጓንግ ውሃም ወደ አትባራ ወንዝ የሚሄድ ስለሆነ ወደ ጣና አይወርድም። ታዲያ ነገሩ ለወረታ ነጋዴ ምን አገባው ቢባል፥ መልሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ ወረታ ደረቅ ወደብ ያላት፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት የንግድ ከተማ በመሆኗ፥ የነጋዴዎቿ ገንዘብ ማዕድን ወዳለበት ሁሉ ሊሄድ ይችላል። ገንዘባችን በሌላ አገር ሸለቆ ላይ ሲቆም ከእኛ በታች የሚኖረው ሰው የሌላ አገር ፎገሬ ነው።

ሁለተኛው፥ እኛ ራሳችን የታች አገር ሰዎች ነን። ርብና ጉማራ ከጉና ያመጡልን ደለል ሜዳችንን አለምልሞ ለሩዝ፥ ለሽንኩርትና ለከብት አብቅቶታል። እነዚሁ ወንዞች በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀሉ የምናስታውሰው ነው። ያ ጎርፍ የመጣው በንጹሕ ዝናብና በአፈር ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ መሬቱ ተመልሶ ታረሰ። ከላይ የሚወርደው አመድና ዝቃጭ ቢሆን ኖሮ ግን በቀጣዩ ዓመት ሩዝ እንዘራበት ነበር ብሎ ማን ይደፍራል? የሜዳችን ጥቅምም ጉዳትም ከላይ የሚመጣ ስለሆነ፥ በላይኛው አገር የሚሠራ ማናቸውም ፋብሪካ ጥራጊውን የት እንደሚያስቀምጥ መጠየቅ የፎገራ ነጋዴ መብትም ግዴታም ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው በከንቱ አይደለም።

6ኛ፤ የሂሳቡ ትምህርት

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። የሚከተለው ቁጥር ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ምሳሌ ብቻ እንጂ የማንም ማዕድን ሂሳብ አይደለም።

አንድ ማዕድን በዕድሜው ሙሉ 2 ሚሊዮን ኩንታል የታጠበ ከሰል ይሸጣል እንበል። የዝቃጩን ግድብ በደንብ ለመሥራት፥ ለመጠበቅና በመጨረሻም አድርቆ፥ አፈር አልብሶ ለመዝጋት 60 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል እንበል። 60 ሚሊዮን ለ2 ሚሊዮን ሲካፈል በኩንታል 30 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ሐቀኛው ባለማዕድን ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ኩንታል 30 ብር እየቀነሰ በተለየ ሂሳብ ያስቀምጣል። ሌላው ይህን ሳያደርግ ዋጋውን በኩንታል 20 ብር አርክሶ ጨረታ ያሸንፋል፤ 10 ብሩንም ትርፍ ብሎ ለባለአክሲዮኖች ያከፋፍላል። ገዢው ርካሽ ከሰል አገኘሁ ይላል፥ ባለአክሲዮኑም ጥሩ ትርፍ ደረሰኝ ይላል። እውነቱ ግን 30 ብሩ አልጠፋም። በግድቡ በታች ከሚኖረው ገበሬ ሳይጠየቅ የተወሰደ ብድር ነው። ብድሩ የሚከፈልበትን ቀን የሚወስነው ደግሞ ዝናቡ ነው።

ከዚህም ሌላ ሐቀኛው ነጋዴ በዚህ ውድድር ተሸንፎ ከገበያ ይወጣል። ስለዚህ የዝቃጭን ወጪ በሕግና በውል ማስከበር ለገበሬው ብቻ ሳይሆን፥ ለደኅናው ነጋዴም መከላከያ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 መርዛማ ነገር በማከማቸት፥ የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥናት እንዲቀርብና ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥበት ያዝዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በዓለም ደረጃም ከብሩማዲንሆ አደጋ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ማለቂያ ስለ ማዕድን ዝቃጭ አያያዝ አንድ የጋራ መመዘኛ ወጥቷል።

ዝቃጩን ያለ ግድብ የማስወገድ ዘዴም አለ። ዝቃጩን በማጣሪያ መጭመቂያ ውሃውን አውጥቶ እንደ ጡብ ጭቃ አጠንክሮ መከመር ይቻላል፤ የወጣውም ውሃ ለእጥበቱ ተመልሶ ያገለግላል። ከሰሉን በውሃ ፈንታ በነፋስ የሚለይ መሣሪያም አለ። እነዚህ ሲጀመሩ ገንዘብ ይፈጃሉ፤ ነገር ግን የሚያስቀሩት ሸክም በሂሳብ ሲገባ ውድነታቸው ይቀንሳል።

7ኛ፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በማዕድን ማጠቢያ ላይ አክሲዮን የሚገዛ፥ የሚያበድር፥ ወይም ለብዙ ዓመት የከሰል ግዢ ውል የሚዋዋል አባል የሚከተሉትን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱንም በጽሑፍ እንዲቀበል እንመክራለን።

ሀ. ከመቶ ኩንታል ጥሬ ከሰል ውስጥ ስንቱ ይሸጣል? ስንቱ ጥራጊና ዝቃጭ ይሆናል? የትስ ይቀመጣል?

ለ. ዝቃጩ በግድብ የሚያዝ ከሆነ፥ ግንቡ ሲያድግ በጠንካራ መሬት ላይ ነው ወይስ በዝቃጩ ላይ የሚቆመው?

ሐ. ከግድቡ ሥር አሮጌ ዋሻ ወይም ምንጭ አለ? ማን መረመረው?

መ. እጅግ የከፋ ክረምት ቢመጣ ትርፉ ውሃ በየት ይወጣል? በግንቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ አለ? ማን ያነበዋል? ንባቡስ በየስንት ቀኑ ይመዘገባል?

ሠ. ግድቡ ቢሰበር በስንት ደቂቃ የትኛው መንደር ይደርሳል? የመንደሩ ሰዎችስ ይህን ያውቃሉ? የማስጠንቀቂያ ደወል አላቸው?

ረ. ለመዝጊያ የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው? በማን ስም፥ በየትኛው ባንክ ተቀምጧል? ማኅበሩ ቢፈርስ ገንዘቡን ማን ያዝዝበታል?

ሰ. ኢንሹራንሱ በግድቡ በታች ባለው ሕዝብና ንብረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይጨምራል ወይስ የኩባንያውን መሣሪያ ብቻ ነው?

መልስ የተሰጠው በቃል ብቻ ከሆነ፥ ወይም መርማሪ አይቶታል ተብሎ የመርማሪው ደብዳቤ ብቻ ከቀረበ፥ የብሩማዲንሆን ወረቀት ማስታወስ ይገባል። የግድብ ጤንነት የሚታወቀው በየሳምንቱ ከሚያዘው መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ይታይልኝ ማለት አያሳፍርም። ባለመፈልፈያ ለገዢው ሩዙን ከጆንያው ዘግኖ እንደሚያሳይ ሁሉ፥ ባለማዕድንም ዝቃጩን ማሳየት አለበት።

በመጨረሻ ለአባላት ውይይት የሚሆኑ ሦስት የመለማመጃ ጥያቄዎች እናቀርባለን። አንደኛ፥ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ማዕድኑ 2 ሚሊዮን ኩንታል ሳይሸጥ በግማሽ መንገድ ቢዘጋ፥ የመዝጊያው ወጪም ያው 60 ሚሊዮን ብር ቢሆን፥ በኩንታል ስንት ብር መቀመጥ ነበረበት? ሁለተኛ፥ ይህ እንዳይሆን ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ቢመደብ ይሻላል ወይስ በየዓመቱ? ሦስተኛ፥ በወረታ የሚገኙ የሩዝ መፈልፈያዎች ለቅርፊቱ ማስወገጃ በኩንታል ስንት ቢያስቀምጡ ይበቃል? የመጀመሪያው መልስ 60 ብር ነው። የሁለተኛውን እያንዳንዱ አባል ከማኅበሩ ጋራ ይምከርበት። ሦስተኛው ግን በእጃችን ያለ ሥራ ስለሆነ፥ ባለመፈልፈያዎች በየመዝገባቸው ሠርተው ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቢያቀርቡት ሁላችንም እንማርበታለን።